ሲሚንቶ ሳይነካት የምትመለሰው ሚክሰር

እኛ ሰፈር የማይዋሱት ነገር የለም። ለለቅሶ ድንኳን ይዋሳሉ፣ ለማኅበር አግዳሚ ወንበር ይዋሳሉ፣ ለሠርግ ሱፍ ይዋሳሉ፤ አማች ሊመጣ ነው የተባለ ዕለት ደግሞ ሶፋው ከጎረቤት በትከሻ ይገባል። አማቹ ይቀመጣል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ «ደህና ቤት ነው» ብሎ በልቡ ይመዘግባል፣ ይሄዳል። እሱ በወጣበት በር ሶፋው ተከትሎት ይወጣል። ይኼን ማንም ውሸት ብሎት አያውቅም። ገመና መሸፈን ነው የሚባለው። እኔም ክፉ ስም አልሰጠውም፤ ልጄን የዳርኩ ዕለት ሳሎኔ ውስጥ ከነበረው ሁሉ የራሴ የነበረው ግድግዳው ብቻ ነው።

ታዲያ ውሰት ዝም ብሎ ውሰት እንዳይመስላችሁ፤ ደንብ አለው። የተዋሰ ሰው ዕቃውን አጥቦ ይመልሳል። ሊዋስ ሲመጣም ባዶ እጁን አይመጣም፤ አንድ ኪሎ ስኳር፣ ካልሆነም ብርቱካን ቢጤ ይዞ ይመጣል፣ እኛም «ምን አስቸገረህ?» እያልን በሁለት እጃችን እንቀበለዋለን። ሦስተኛው ደንብ ከሁሉም ይበልጣል፤ የተዋሰ ሰው «የእኔ ነው» የሚለው ለአማቹ ብቻ ነው እንጂ ለባለቤቱ አይልም። ይኼ ለማንም ግልጽ ነው ተብሎ የትም ሳይጻፍ ቀረ። ሳይጻፍ በመቅረቱ ነው እኔ ጉድ የሆንኩት።

በላይነሽ እባላለሁ። ቤቴ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው፤ ከአስፋልቱ ተገንጥሎ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ፣ ሰው ለሁለተኛ ጊዜ ቆሞ ትንፋሹን የሚሰበስብበት ቦታ። ትምህርቴ ሦስተኛ ክፍል ነው፤ አራተኛን በመስኮት አይቼዋለሁ። ይኼን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። ማንበብ እችላለሁ፣ መጻፌንም ይኼው እያያችሁ ነው፣ ፊርማዬን ያየ ሰው ደግሞ ሦስተኛ ክፍልን ሁለተኛ አይንቅም። ባለቤቴ ተሰማ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የአርማታ ሰው ነበር። በዚህ ዳገት ላይ የሲሚንቶ ወለል ያለው ግቢ ካያችሁ እሱ የሞላው ነው፤ የተሰነጠቀ ካያችሁ ግን ሌላ ሰው ነው። እሱ ይሞላል፣ እኔ ሠራተኛውን አሠራለሁ፤ እንዲህ አድርገን ልጅ አሳደግን። ሲሞት ጥሎልኝ የሄደው ያችኑ አንዲት ልጅና አንዲት የአርማታ ማቡኪያ ሚክሰር ነው። ሠራተኞቹ ይበተናሉ ብሎ የጠበቀ ነበር። አልተበተኑም። ድሮም የሚፈሩት እኔን ነበር።

ሚክሰሯን በደንብ ላስተዋውቃችሁ፣ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው በእሷ ዙሪያ ነውና። ሆዷ አረንጓዴ ነው። በግራ ጎኗ ተሰማ በአንድ የንዴት ቀን በመዶሻ የመታት ጎድጓዳ ቦታ አላት። አንዱ ጎማዋ የራሷ ነው፣ ሌላው ከአሮጌ ቮልስ የተወሰደ ነው፤ ስለዚህ ስትቆም በአንድ እግሯ ክብደቷን እንደጣለች ሴት ዘመም ትላለች። ሞተሯ ሲነሳ ታስላለች። አስላ ከጨረሰች ግን እስኪመሽ ድረስ ወገቤን አትልም። ተሰማ የገዛት አንድ ጋራዥ ሲዘጋ ነው፤ ደረሰኝ የሚባል ነገር ማንም አላነሳም፤ ሻጭና ገዢ ተጨባበጡ፣ ተሰማ እየገፋ አመጣት። በዚያ ዘመን ዳገት ገፍቶ ያመጣውን ዕቃ «የአንተ ነው ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም።

ተሰማን የቀበርን ጊዜ ክረምት ነበር። እንጦጦ ላይ የዘነበው ዝናብ ሁሉ ወደ ከተማ ሲወርድ በእኛ በር ነው የሚያልፈው፣ ሲያልፍ ደግሞ ጭቃውን ለእኛ ትቶ ነው የሚሄደው። ጎረምሶቹ ሳጥኑን ተሸክመው ሲወርዱ የፊተኛውን አንሸራተተው፣ እሱን ያየው ሁለተኛው ተደናገጠ፣ ሳጥኑ ከትከሻ ወርዶ ጭቃው ላይ አረፈና ብቻውን ቁልቁል ጥቂት መንገድ ሄደ። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ወለል ሲያስተካክል የኖረ ሰው በመጨረሻ የወረደው እየተንሸራተተ ነው። ሰው ሁሉ ጮኸ። እኔ አልጮኽኩም። አንድ ነገር እየወሰንኩ ነበር፤ እኔ በዚህ ጭቃ አልወርድም። ይኼ ዳገት አርማታ ይሆናል፣ የምሞላውም እኔ ነኝ፣ ከዚያ በኋላ በፈለጋችሁት ቀን ተሸከሙኝ።

ይኼን ውሳኔ ይዤ ስቆይ በመጨረሻ ወረዳው ከነዋሪው ጋር ሆኖ መንገዱን ሊያሠራ ተስማማ ተባለና በእድራችን አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። ሰው ይናገራል፣ ይዘረዝራል፣ «ከዚህ አንፃር» ይላል። እኔ ተነሳሁና «መንገዱን እኔ እሠራዋለሁ» ብዬ ተቀመጥኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

መልስ የሰጠኝ ግርማ ነው። ግርማ እዚሁ ዳገታችን ላይ ያደገ ልጅ ነው፤ እናቱ ከእኔ ዝቅ ብለው ነው የሚኖሩት፣ እሱ ግን ኮንትራክተር ሆኖ ወሰን ሰፈር ቤት ሠርቷል።

«እማማ በላይነሽ፣ ሥራዎን የሚጠራጠር የለም» አለ ተነስቶ። «ግን ወረዳው ፈቃድ ያለው ሰው ነው የሚቀበለው። የአስፋልትና የኮንክሪት ሥራ ተቋራጭ ፈቃድ።»

«አንተ አለህ?» አልኩት።

«አለኝ» አለ፣ ጫማውን እያየ።

ጫማውን ያየበትን ምክንያት እዚያ አዳራሽ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ከወረዳው ከመጣው ሰው በስተቀር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግርማ ፈቃድ ሊያወጣ የተነሳ ጊዜ በማለዳ ስኳር ይዞ መጣ። «እማማ፣ ሚክሰሯን ለአንድ ቀን ብቻ» አለኝ። ምን ልትሞላ ነው ብዬ ብጠይቀው፣ ምንም አልሞላም፣ ተቆጣጣሪ መጥቶ ማሽን እንዳለኝ ሊያይ ነው አለ። አሃ፣ አልኩ፣ አማች ሊመጣ ነው በለኛ! አጥቤ፣ ዘይቷን ጠርጌ፣ ሙሽራ አስመስዬ ሰጠሁት። እናቱ ግቢ አቆማት። ተቆጣጣሪው መጣ፣ አየ፣ ሄደ፤ ሰፈሩም የጠየቀ ካለ «የግርማ ናት» እንዲል ተነጋግሮ ነበር። ማታ ስትመለስ ሲሚንቶ የሚባል ነገር አልነካትም። ሥራ ውላ የመጣች ሚክሰር እንዴት እንደምትሸት አውቃለሁ፤ ያን ቀን ሳሙና ሳሙና ነበር የምትለው።

ከዚያ በኋላ ወሬው ወጣ። የግርማ የአክስት ልጅ መጣ፣ የአክስቱ ልጅ ጓደኛ መጣ፣ ከመሪ ሰፈር ድረስ የማላውቀው ሰው «ግርማ ልኮኝ ነው» ብሎ መጣ። ሁሉም «ለአንድ ቀን ብቻ» ይላሉ፣ ሁሉም ስኳር ይይዛሉ፣ ሁሉም አጥበው ይመልሳሉ። ያን ሰሞን ስኳር ገዝቼ አላውቅም። ፈቃድ በየዓመቱ ይታደሳልና ግርማ ለእድሳት ደግሞ ወሰዳት። እናንተ «ይኼማ ማጭበርበር ነው» ልትሉኝ አፋችሁን እንደከፈታችሁ አውቃለሁ። ዝጉት። የተዋሳችሁት ሱፍ ትከሻው ላይ እንደሚሰፋችሁ የሠርጋችሁ ፎቶ ይናገራል። እኔ የማሰላስለው ሌላ ነገር ነበር፤ ማሽኑ የውሰት፣ ኢንጂነሩ ፊርማውን ብቻ ያከራየ፣ ቢሮው የወንድም፣ እንዲህ ከሆነ ፈቃዱ የሚሰጠው ለማን ነው? ለሚክሰሬ ነው። ከዚህ ሁሉ ኮንትራክተር መካከል በእርግጥ ቦታው ላይ የተገኘችው እሷ ብቻ ናት።

እንግዲህ እኔ ለምን እፈራለሁ? ሌላው ተውሶ ያገኘውን እኔ በራሴ ዕቃ እንዴት አጣዋለሁ? ለልጄ ለሂሩት ደወልኩላት። መሪ ኮንዶሚኒየም ትኖራለች፣ ቢሮ ነው የምትሠራው። «እማዬ፣ አሁን እኮ ሁሉ ነገር ኦንላይን ነው፣ ፕሮሰሱ ቀላል ነው» አለችኝ። በኦንላይን ሞላችልኝ። ኦንላይኑም መልሶ «በአካል ይቅረቡ» አለን። ቀረብን። ሲስተም የለም ተባልን። ሲስተም እንደ ትልቅ ባለሥልጣን ነው፤ አንዳንድ ቀን ይገባል፣ የቀረውን ቀን ስብሰባ ነው። አንድ ቦርሳ ያንጠለጠለ ጎልማሳ ወንበሩን ለቀቀልኝና «ልጅዎን እየጠበቁ ነው?» አለኝ። «ተራዬን ነው» አልኩት። ሊመለስ የፈለገ ይመስል ወንበሩን ትንሽ አየው።

ሲስተም የገባ ቀን አንዲት ጥፍሯ ያማረ ልጅ ፊት ቀረብኩ።

«አመልካቹ የት አሉ፣ እማማ?»

«እያየሽኝ ነው።»

ቀና ብላ አየችኝ። «የአስፋልትና ኮንክሪት ነው እኮ።»

«ኬክ ቤት መስሎኝ አልመጣሁም።»

ሂሩት ክርኗን ጎኔ ላይ ሰካች። ልጅቷ ግን ሳቋን ዋጥ አድርጋ መጠየቅ ቀጠለች። ኢንጂነር አለዎት አለችኝ። አለኝ፤ የሂሩት ባል ዳንኤል ኢንጂነር ነው። ሌላው ሰው ኢንጂነር ይከራያል፣ እኔ ልጄን ሰጥቼ ነው ያገኘሁት፣ ሲጠራ ደግሞ ፊርማውን ብቻ ሳይሆን ራሱን ነው ያመጣው። ማሽነሪስ? «አለኝ» አልኩ፣ ከዚያም ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ «የራሴ!» አልኩ። የኋላው ሰልፍ ጫማውን አየ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። ኩራት ደግሞ የዋለበት ቦታ ሁሉ ሂሳቡን ይልክልኛል።

ተቆጣጣሪው በፒክአፕ መጣ። ፒክአፑ ዳገቱን እምቢ ስላለው ታች ትቶት በእግሩ ወጣ፤ እኔ ጋ ሲደርስ ጫማው ጥቁር ይሁን ቡናማ መለየት አይቻልም ነበር። ጥሩ፣ መንገዱ ራሱ ይናገርልኛል አልኩ በልቤ። ትሑት ልጅ ነው፤ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ፣ ለጫማው ጨርቅ ስሰጠው አመሰገነ። ሚክሰሯን ግቢው መሀል አቁሜያታለሁ፤ ታጥባለች፣ ዘመም ብላለች፣ አምሮባታል። አንድ ጊዜ ዞራት። ቆመ። ደግሞ ዞራት። ከዚያ የቆየ ወዳጁን መንገድ ላይ እንዳገኘ ሰው ፊቱ በራ።

«እማማ፣ እኔና እሷ እኮ እንተዋወቃለን!»

ስልኩን አወጣና ፎቶ ያሳየኝ ጀመር። ታች የግርማ እናት ግቢ፣ ሚክሰሬ። ወሰን፣ አንድ ጋራዥ ጥግ፣ ሚክሰሬ። መሪ፣ ከኮንዶሚኒየም ጀርባ፣ ሚክሰሬ። አንድ የማላውቀው ቆርቆሮ አጥር ስር ደግሞ ሚክሰሬ፣ ያውም አንገቷ ላይ ሪባን ታስሮላት! ልጇ የት የት እንደምትውል ከሰው አፍ እንደምትሰማ እናት ሆንኩ።

«ታዲያ የእኔ ናት» አልኩት።

«ሁሉም እንደሱ ነው የሚሉት፣ እማማ።»

«እነሱ ይዋሻሉ፣ እኔ እውነቴን ነው።»

«እሱንም ይላሉ።»

«ቆይ ልጄ፣ በየቦታው ስታያት ምን ብለህ አሳለፍካት?»

«ተመሳሳይ ሞዴል መስሎኝ ነዋ።»

«አንድ ጎማው የቮልስ የሆነ ተመሳሳይ ሞዴል?»

ልጁ አሳለ። ሚክሰሯ ራሷ እንደዚያ አሳምራ አታስልም። ያኔ በዓይን ብቻ ነበር የሚታየው፣ አሁን የማሽኑ ቁጥር ሲስተም ውስጥ ይገባል፣ ቁጥሩን መጀመሪያ በስማቸው ያስገቡት ለእድሳት የመጡት አቶ ግርማ ናቸው፣ ሌሎቹም በየተራቸው ያዩታል አለኝ። ይኼን ሲናገር ክፋት የለበትም፣ እንዲያውም አዘነልኝ። የሚያበሳጨው ይኼ ነው፤ በክፉ ሰው ላይ መጮህ ይቻላል።

«እንግዲያው ሰፈሩን ጠይቅ!» አልኩት።

አልማዝ፣ ጎረቤቴ፣ እንደተለመደው አጥሯ ላይ ክንዷን አስደግፋ ታያለች። ከእሷ የተሻለ ምስክር አልነበረኝም፤ ተሰማ ያችን ሚክሰር ሲገፋ ከኋላ ሆና የገፋችው እሷ ናት። ተቆጣጣሪው ቀረብ ብሎ «እናቴ፣ ይህች ሚክሰር የማን ናት?» አላት። አልማዝ እሱን አየችው፣ አንገቱ ላይ የተንጠለጠለውን መታወቂያ አየች፣ እኔን አየችኝ። ገባት። የገባት መሰላት።

«የግርማ ናት!» አለች፣ ሳትውል ሳታድር። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ጠቀሰችኝ። አይዞሽ፣ አልረሳሁም ማለቷ ነው።

ከዚያ በኋላ ምን ልበል? አልማዝ እስከ ዛሬ «እኔ ምን አጠፋሁ?» ትላለች፣ እኔም ምን እንዳጠፋች ለማስረዳት ቃል አላገኘሁም። ተቆጣጣሪው ስልኩን ኪሱ ከተተና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እማማ፣ በውሰት ማሽን ፈቃድ አይሰጥም። ለርስዎ ስል ግን ተከለከለ ብዬ አልጽፍም። ተከራይተዋት ከሆነ ከባለቤቷ ጋር የኪራይ ውል ያምጡ፣ ለዝቅተኛው ደረጃ ኪራይ ይፈቀዳል» አለኝ። ሄደ። ዳገቱን ሲወርድ አንሸራተተው። አልሳቅኩም፤ አስቡት ምን ያህል እንደተናደድኩ።

ሂሩት እንደሰማች «ግርማ ራሱ ይጻፍልሽ፣ የእሷ ናት ብሎ ይመስክር» አለች። እኔም ወሰን ልወርድ ተነሳሁ። ታክሲ ልይዝ ስል አንድ ነገር አቆመኝ። ሰው ቤት ስለ ማሽን ልነጋገር ስሄድ ባዶ እጄን ልሂድ? ያውም እኔ በላይነሽ? ሱቅ ገባሁና አንድ ኪሎ ስኳር ገዛሁ። የራሴን ሚክሰር ልጠይቅ ስኳር ተሸክሜ ከፈረንሳይ እስከ መገናኛ፣ ከመገናኛ እስከ ወሰን ሄድኩ።

ግርማ ስኳሩን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። ገና ሳልቀመጥ ነገሩ ገብቶታል። ሁሉንም ነገርኩት፤ ሲስተሙን፣ ፎቶውን፣ አልማዝን።

«እማማ፣ በእግዚአብሔር» አለኝ። «የእርስዎ ናት ብዬ ከጻፍኩ በውሸት ነው ያወጣሁት ማለት ነው፣ ፈቃዴ ይሰረዛል። በእጄ የያዝኩት ሥራ አለ። የሰፈሩን ልጆች ነው የማሠራው፣ የአልማዝን ልጅ ጨምሮ።»

እውነቱን ነው። በዚያ ፈቃድ የሰፈሩን ሥራ ፈት ሁሉ ሰብስቦ ሰው አድርጓቸዋል። እሱን መጣል ትችል ነበር የእኔ ምላስ፤ አንድ ጊዜ ቢሮው ሄጄ ብጮህ ይበቃል። ግን የእሱ ፈቃድ ቢሰረዝ የእኔ መንገድ በዚያ አይሞላም።  ግርማ ወንበሩን ወደ እኔ ሳብ አደረገ።

«ላከራይዎት» አለ።

«ምኑን?»

«ሚክሰሯን።»

«የማንን?»

ግርማ ጣራውን አየ፣ ስኳሩን አየ፣ መሬቱን አየ። «ሚክሰሯን» አለ እንደገና፣ በጣም ቀስ ብሎ።

መነሳት ነበረብኝ። ኩራት ያላት ሴት እንዲህ ስትባል ነጠላዋን አጣፍታ ትወጣለች፣ ከዚያም ዕድሜዋን ሙሉ «ተነስቼ ወጣሁ» እያለች ትናገራለች። ነጠላዬንማ አጣፋሁ። ግን ተሰማ ትዝ አለኝ፤ ያ ሳጥን ጭቃው ላይ ብቻውን ሲሄድ። ተነስቼ ብወጣ ኩራቴን ይዤ ነው የምወጣው፤ ኩራቴ ደግሞ እኔን ተሸክሞ ያንን ዳገት አያወርደኝም።

«ጻፍ» አልኩት።

ውሉን የጻፈልን ውል አዋዋይ ነው። አከራይ አቶ ግርማ፣ ተከራይ ወይዘሮ በላይነሽ። ሲያነብልን አንድ ቦታ ላይ «ተከራይዋ ሚክሰሯን ልክ እንደ ራሷ ንብረት አድርጋ በጥንቃቄ ልትይዝ ተስማምታለች» ይላል። ግርማ ይኼን ሲሰማ መሀረብ አውጥቶ ላቡን ጠረገ። «እሞክራለሁ» አልኩ። ኪራይ የሌለበት ውል ዋጋ የለውም ስለተባለ ኪራዩ ተከፍሏል ተብሎ ተጻፈ። ይኼ ውሸት አይደለም፤ ስኳሩን ሰጥቼዋለሁ። ፈረምኩ። ፊርማዬ ቆንጆ ነው ብያችኋለሁ፤ ያን ቀን ደግሞ ጅራቱን ትንሽ አስረዘምኩት።

ተቆጣጣሪው ውሉን ሲያይ ደስታውን መደበቅ አልቻለም። ማህተሙን መታና እጄን በሁለት እጁ ያዘኝ። «አዩ እማማ፣ እውነቱን ሲናገሩ ነገሩ እንዴት ቀላል እንደሆነ!» አለኝ።

እንግዲህ ፈቃዴን አገኘሁ። ሳሎኔ ውስጥ ሰቅዬዋለሁ፤ ግድግዳው የራሴ እንደሆነ ነግሬያችኋለሁ። ወረዳውም መንገዱን ሰጠኝ። በጋ ላይ ከታች ጀምረን ወደ ላይ እየሞላን ወጣን፣ ዳንኤል በኢንጂነርነቱ፣ እኔ በአፌ። አንድ ጊዜ ብቻ ተጣላን። እኔ መንገዱን ሊሾ አድርጌ፣ ተሰማ ሳሎን እንደሚሠራው ፊት እስኪያሳይ አልስልሼ ልጨርሰው አስቤ ነበር። ዳንኤል ሰው አክባሪ ነው፤ ወደ ጎን ወሰደኝና «እማማ፣ ሊሾ ከሆነ ዝናብ የነካው ቀን ከጭቃው ይብሳል። ሳይደርቅ በመጥረጊያ ሻካራ ማድረግ አለብን» አለኝ። አሰብኩት። ሳጥኔ በሊሾ ላይ ቁልቁል ሲሄድ ታየኝ፤ መገናኛ ሳይደርስ የሚያቆመው የለም። መጥረጊያውን ራሴ አነሳሁ። እንዳልተከራከርኩት ሲያይ ታምሜ መሰለውና ለሂሩት ደወለ።

ግርማም መጥቶ ነበር፣ ሱሪውን ሰብስቦ ባሬላ ሊሸከም። ሚክሰሯ ስትነሳ እንደ ልማዷ አሳለች። እሱ ሥራ ላይ አይቷት አያውቅምና ደነገጠ።

«ምን ሆና ነው፣ እማማ?»

«ባለቤቷ አንተ ነህ፣ አንተ ንገረኝ» አልኩት። ከዚያ በኋላ እስኪመሽ ባሬላውን ከእጁ አላወረደም፤ ማታም ሚክሰሯን ያጠባት እሱ ነው። ያን ቀን ለመታጠብ ምክንያት ነበራት።

ክረምቱ ገባ። የመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ የጣለ ዕለት ጃንጥላ ይዤ ወጣሁና ዳገቱን ወረድኩት፣ መልሼ ወጣሁት። የእንጦጦ ውሃ በቦዩ ቁልቁል ይንደረደራል፣ መንገዱ ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም። አልማዝ አጥሯ ላይ ሆና «እሰይ በላይነሽ፣ አሁን ምን ቀረሽ?» አለችኝ። ምንም አልቀረኝም። መውረጃዬ ተዘጋጅቷል። የተዘጋጀ ሰው ደግሞ ምን ያስቸኩለዋል?

ባለፈው ሰሞን አንድ ጎልማሳ በሬን አንኳኳ። አላውቀውም። ዳገቱን ወጥቶ ነው የመጣው፣ ዝናቡም ገና ማባራቱ ነበር፣ ጫማው ግን ከሱቅ የወጣ ይመስላል። በእጁ ስኳር ይዟል።

«እማማ በላይነሽ እርስዎ ነዎት? ሚክሰሯን ፈልጌ ነበር» አለኝ አንገቱን ደፋ አድርጎ። «ለአንድ ቀን ብቻ።»

ዕድሜዬን ሙሉ ለጎረቤት እንቢ ማለት አልችልበትም ነበር። ነውር ነው። የእኔ የሆነውን ነገር እንዴት እንቢ እላለሁ?

«የኔ ልጅ» አልኩት፣ «እኔ ተከራይ ነኝ። ወሰን ውረድና ባለቤቷን ጠይቅ።»

ስኳሩን ግን ተቀበልኩት። በንጹሕ ጫማ የወጣው በእኔ መንገድ ነው።